የመርፌን ታሪክ ይዤ ወደ ደካ

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቦንጋ መናኸሪያ ደረስኩ። ከቤቴ እስከዚያ ለባጃጅ ሃያ ብር ከፍያለሁ። የጉዞዬን ዓላማ አስቀድሜ ልግለጽ። በጌሻ ወረዳ፣ ከደካ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ አድማሱ የሚባል የቀድሞ ተማሪዬ ይኖራል። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፤ የወረዳው ቡድን አጥቂ አማካይ ነው። ከዞናችን ውጭ ያለ አንድ ክለብ ለሁለት ሳምንት ሙከራ ጠርቶታል። ሙከራው ሰኞ ይጀምራል፤ አባቱ ግን «አይሄድም» ብለዋል። ሐሙስ ዕለት ደወለልኝና «መምህር፣ መጥተህ የመርፌን ታሪክ ለአባባ ንገርልኝ። እኔ ስነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል» አለኝ።

መርፌ ብራዚላዊ አጥቂ አማካይ ነው። ስሙን ያወጡለት ቦንጋ ውስጥ ኳስ የምናይበት ቤት ደንበኞች ናቸው፤ ክር በማያሳልፍ ቀዳዳ ኳስ ያሳልፋል ብለው። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ብሆንም ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት የተጫዋቾችን ታሪክ ተርጉሜ ለተመልካቹ የማንበብ ልማድ አለኝ። የመርፌን ታሪክ በአራት ክፍል ከፋፍዬ በደብተር ጽፌዋለሁ፤ ልጅነት፣ የመጀመሪያ ክለብ፣ አውሮፓ፣ ዋንጫ። ለጉዞው ስል በንጹህ ጽሑፍ ገለበጥኩት።

እስከ ሺሺንዳ

ሚኒባሱ ለመሙላት አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። አስፋልቱ ጥሩ ነው። መንገዱ የሚያቋርጠው የሻይ እርሻ በጉም ተሸፍኖ ስለነበር ከመንገዱ ጠርዝ ያሉት ረድፎች ብቻ ይታያሉ። ከአጠገቤ የተቀመጡት እትዬ ዘሃራ ሺሺንዳ ውስጥ ሱቅ አላቸው፤ በወቅቱ ቡናም ይገዛሉ። ደብተሬን አይተው «ፈተና ልታርም ነው?» አሉኝ።

«አይደለም እትዬ፣ የአንድ ብራዚላዊ ኳስ ተጫዋች ታሪክ ነው።»

«ብራዚል?» ብለው ወደ ኋላ ላሉት ዞሩ። «ሰማችሁ? የቡናችንን ዋጋ የሚያወርዱብን አነሱና ኳሳቸውንም በደብተር እንጽፍላቸው ጀመር!»

መኪናው በሙሉ ሳቀ። ዋጋው የሚወርደው እዚያ ምርት ሲበዛ መሆኑን፣ ተጫዋቹ ደግሞ በቡና ንግድ ውስጥ እንደሌለበት ላስረዳቸው ሞከርኩ። ረዳቱ «መምህር፣ እሱን ለክፍል አቆየውና ሂሳብ!» አለኝ።

ሺሺንዳ የገበያ ቀን ነበር። እንጀራ በሽሮ በልቼ ሻይ ጠጣሁ፤ መቶ ብር ከፈልኩ። የደካ መኪና ደግሞ የገበያተኞቹ ጆንያ ተጭኖ እስኪያልቅ ድረስ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ኮረኮንች ነው፤ ዝናብ ስለነበር ሁለት ቦታ ወርደን ገፍተናል። ይህ አካባቢ ቀፎ የሚበዛበት ስለሆነ ከፍ ካሉ ዛፎች ላይ የተኛ በርሜል የሚመስሉ ቀፎዎች ይታያሉ። ስምንት ሰዓት ላይ ደካ ገባሁ። አድማሱ መናኸሪያው ላይ ይጠብቀኝ ነበር፤ ቦርሳዬን ተቀበለኝና በእግር ግማሽ ሰዓት ሄድን።

ቀፎው እስኪሰቀል

አባቱን ጋሽ ወልዴን ከቤታቸው ደጃፍ ላይ አዲስ ቀፎ በሐረግ እያሰሩ አገኘኋቸው። አማርኛ ቀስ ብለው፣ ቃል እየመረጡ ይናገራሉ። ሰላምታ ተለዋውጠን ደብተሬን ማውጣት ስጀምር እጃቸውን አነሱ።

«ቁም ነገሩ ይቆይ መምህር። የተሠራ ቀፎ መሬት ላይ እያየን ስለ ሌላ ነገር አናወራም። ይህ የቤታችን ደንብ ነው። መጀመሪያ እንሰቅላለን።»

ሥራው እንዲህ ነው። አንዱ ገመድ ይዞ ዛፉ ላይ ይወጣል። ገመዱን በጠንካራ ቅርንጫፍ ላይ አሳልፎ ጫፉን ይለቅቃል። ታች ያለው ቀፎውን ያስርና ይስባል፤ ላይ ያለው ተቀብሎ ከቅርንጫፉ ጋር ይጠፍረዋል። የተመረጠው ዛፍ ገተም ነው፤ ነጩ ማር የሚገኘው ከእሱ አበባ ነው። የወጣው አድማሱ ነው። ገመዱን የሳብነው እኔና ጋሽ ወልዴ ነን። መዳፌ ተላጠ።

«ካለ እሱ የሚወጣልኝ የለም» አሉኝ ሽቅብ እያዩ። «እኔ ወገቤ እምቢ ካለኝ ቆየ። ታላላቆቹ ሴቶች ናቸው፣ አግብተዋል። አሁን ገባህ ለምን አይሄድም እንዳልኩ?»

ገባኝ። አድማሱ ሲወርድ ክብደቱን በግራ እግሩ ላይ ብቻ እየጣለ ነበር። ጥንቃቄ ነው ብዬ አለፍኩት።

የመርፌ ዕድሜ በጣት ሲቆጠር

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ገባን። የአድማሱ እናት እትዬ አልማዝ ቆጮ በጎመን አቀረቡልን፤ ማርም በሳህን። ከበላን በኋላ ደብተሬን ከፈትኩ።

መርፌ በወደብ አጠገብ ባለች ከተማ መወለዱን፣ አባቱ መርከብ የሚያራግፍ የቀን ሠራተኛ እንደነበረ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቱ የከተማው ክለብ እንዳስፈረመው አነበብኩ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ አውሮፓ ሄደ። በሃያ ሁለት ዓመቱ ዋንጫ አነሳ።

«ብዙ ጎል አግብቶ ነዋ?» አሉ ጋሽ ወልዴ።

«ብዙም አያገባም ጋሽ ወልዴ። አጥቂ አማካይ ማለት ከአጥቂው ኋላ ሆኖ ኳስ አመቻችቶ የሚያቀብል ነው። አድማሱም እንደዚያ ነው።»

«አዎ፣ አንድ ቀን ሄጄ አይቻለሁ። ኳሱን በስንት መከራ ያገኛል፣ ከዚያ ለሰው ይሰጣል! እኔማ አፈርኩ። ልጄ ደግ ነው ግን እንዲህ አልመሰለኝም ነበር።»

እትዬ አልማዝ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። አድማሱ «አባባ፣ ሥራዬ እኮ ነው» አለ። እኔም ሦስት የቡና ስኒና አንድ የባቄላ ፍሬ ደርድሬ አቀባበሉን አሳየኋቸው። ጋሽ ወልዴ ባቄላውን ራሳቸው ገፋ አድርገው በስኒዎቹ መካከል አሳለፉት። «እሺ፣ ገመድ ሳቢው ነው በለኛ» አሉ። የተሳካልኝ መሰለኝ።

ከዚያ ግን ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። «አሥራ ዘጠኝ ላይ ሄደ አልክ። ዋንጫው ሃያ ሁለት ላይ ነው። በመካከል የት ነበር?»

«እዚያው አውሮፓ ነበር።»

«ምን ሲሠራ?»

ደብተሬን አንድ ገጽ ወደ ኋላ ገለጥኩ።

«እኔ የቀፎ ሰው ነኝ መምህር። የትኛው ዛፍ በየትኛው ዓመት እንደ ሰጠ፣ የትኛው ባዶ እንደ ዋለ በቃሌ እይዛለሁ። ማር ሊገዛኝ የሚመጣም፣ ልጄን ሊያገባ የሚመጣም የሰጠውን ዓመት ብቻ ሲነግረኝ ባዶውን እጠይቀዋለሁ።»

እውነቱን ተናገርኩ። መርፌ አውሮፓ በገባ በጥቂት ወራት ውስጥ ጉልበቱን ታሞ ነበር። ሕመሙን ከሐኪሞቹ ደብቆ ተጫወተ፤ ባሰበት፤ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ሁለት ዓመት ያህል አልተጫወተም፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈው አገሩ፣ እህቱ ቤት ነው። ከዚያ በውሰት ለትንሽ ክለብ ተሰጥቶ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ከደብተሬ ያስወጣሁት ለማሳመን አይጠቅምም ብዬ ነው።

«አሁንስ?»

«አሁን ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ወደ ተነሳበት ከተማ ተመልሶ ለመጀመሪያ ክለቡ ይጫወታል።»

«ተመልሷል» አሉ እትዬ አልማዝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር በነገሩ የገቡት። «እግሩስ?»

አፉን የከፈተው አድማሱ ነው፤ የተናገረው ግን ለእሳቸው ሳይሆን ለእኔ ነው። «መምህር፣ ይህን ለምን አልነገርከኝም? ቦንጋ እያለሁ ስንት ጊዜ አንብበህልኛል!»

«አላስፈላጊ መሰለኝ።»

«እኔ ደብቄ ልሄድ ነበር እኮ!» አለና ሱሪውን ወደ ላይ ሰበሰበ። የቀኝ ጉልበቱ ከግራው በግልጽ ይበልጣል። ባለፈው ዓመት ከዛፍ ወድቆ ለቤቱ ሰው «ትንሽ ተጫርኩ» ብሎ ነበር። ለአባቱ ያልተናገረው፣ ሌላ የሚወጣላቸው ስለሌለ፣ ዛፍ መውጣት እንዳያስቀሩት ነው። ለክለቡ ያልተናገረው እንዳይተዉት ነው። ጨዋታ ባለበት ቀን ጠዋት በጨርቅ ይጠፍረው ነበር።

ጋሽ ወልዴ ጉልበቱን በመዳፋቸው ያዙት። ደጋግመው ዳበሱት። «በዚህ እግር ነው ዛሬ ያወጣሁህ?» አሉ። 

መጀመሪያ የወሰኑት እትዬ አልማዝ ናቸው። «ነገ ከመምህሩ ጋር ወደ ቦንጋ ይሄዳል፤ ሰኞ ሐኪም ይየው።» ጋሽ ወልዴም ጨመሩበት፤ «ጉልበቱ ከዳነ ወደ ኳሱ ይሂድ፤ አልይዘውም። ካልዳነ ደግሞ ዛፍም አይወጣም። የቀሩትን ቀፎዎች የጎረቤት ሰው ለምኜ አሰቅላለሁ።»

እሑድና ሰኞ

እሑድ ጠዋት ከደካ ወደ ክለቡ አሠልጣኝ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኩት። «ስለነገርከኝ ጥሩ ነው። ሲድን ደውልልኝ፤ ቦታ ግን አልይዝለትም» አለኝ። ለአድማሱ ቃል በቃል ደገምኩለት፤ ምንም አላለዘብኩም። እስከ ሺሺንዳ አላናገረኝም። ሺሺንዳ ላይ ሻይ ስናዝዝ ግን «ለመምህሬም አንድ ስኳር ጨምሪለት፣ መዳፉ ተልጧል» አለ ለአስተናጋጇ። እንደ ይቅርታ ቆጠርኩት። አሥር ሰዓት ላይ ቦንጋ ገባን፤ ለመመለሻው ለእያንዳንዳችን የከፈልኩት ከመሄጃዬ እኩል ነው።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ባጭሩ ልጻፍ። የሰው ታሪክ ሲተረክ ለወጣት የሚጠቅመው የዋንጫው ዓመት ብቻ ነው ብዬ አስብ ነበር። በሥርዓት የጻፍኩት ነገር ሁሉ እውነት ነበር፤ ነገር ግን አድማሱ ከዚያ የተማረው ሲያምም ዝም ማለትን ነው። ያላነበብኩለትን እሱ በራሱ ጉልበት ሊደግመው ጥቂት ቀርቶት ነበር። መምህር ማሳመንና ማስተማር የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ማወቅ አለበት፤ እኔ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሙከራው በሚጀመርበት ሰዓት ሐኪም ቤት ወንበር ላይ ተራ እንጠብቅ ነበር። ሲጠሩን አብሬው ገባሁ። ሐኪሟ ካርዱን አየችና «መቼ ነው የጀመረህ?» አለችው። ልመልስለት አፌን ከፈትኩ። አድማሱ ክንዴን ያዝ አደረገኝ፤ ከዛፉ ከወደቀበት ቀን ጀምሮ፣ ጨርቁን፣ የትኛው ጨዋታ ላይ እንደ ባሰበት፣ ቅዳሜ ዕለት ገተሙ ላይ ሲወጣ ስንት ጊዜ እንደ ቆመ፣ አንድም ሳይዘል ነገራት። ሐኪሟ ሁሉንም ጻፈች።