የእትዬ ዘሀራ ጌም

ባቱ ከተማ ላይ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት ከፍቼ የማላየው ጉድ የለም። ባለፈው ጎረቤቴ እትዬ ዘሀራ ቁም ሳጥን የሚያክል ሳንቲም ተከቶበት የሚሠራ የድሮ የጌም ማሽን በጋሪ አስጭነው መጡ። ሟች ባለቤታቸው ጌም ቤት ነበራቸው።

«ቴሌቪዥኑ አልበራ አለኝ፤ አደራህን ልጄ።»

ትዝታ ይዟቸው ነው ብዬ ሳስብ አንጀቴን በሉት። ስከፍተው ውስጡ ጭድና ላባ ሞልቶታል። ጠራርጌ፣ ያንን ከባድ ስክሪን አውጥቼ ቀጭን ፍላት ስክሪን ገጠምኩለት።

ሊወስዱት ሲመጡ ጌሙን ከፍቼ «ይሞክሩት!» አልኳቸው። እሳቸው ግን ስክሪኑን ዞር ብለውም አላዩት። ከኋላ በኩል እጃቸውን ሰደው ይዳብሳሉ።

«ልጄ፣ አይሞቅም እኮ!»

«አዎ፣ አዲሱ እንደ ድሮው አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ቢሠራም አይግልም» አልኩ ኮራ ብዬ።

«ታዲያ ጫጩቶቼ በምን ይሙቁልኝ?»