የወንበር አለቃ

ድሬዳዋ ላይ ሰው «እርስዎ» ተብሎ አያውቅም። ሽማግሌውም አንተ ነው፣ ዳኛውም አንተ፣ የጣቢያው ሹምም አንተ። ይህን ንቀት ነው የሚለው ከደጋ ትናንት የወረደ ብቻ ነው። የኔነሽንም በሰፈሯ በመጋላ «እሜቴ» ያላት የለም። «አንቺ የኔነሽ» ናት፤ እንደዚያ ካልጠሯት የተቀየሟት ይመስላታል።

ባሏ ዕድሜውን በባቡር ሥራ ጨርሶ ሲሞት እጇ የገባውን ገንዘብ ዘመዶቿ «አገርሽ ገብተሽ መሬት ግዢበት» አሏት። እምቢ ብላ ወንበር ገዛችበት። ታጣፊ የእንጨት ወንበር፣ ግቢ ሙሉ። መጋላ የሚድርም የሚቀብርም፣ እስላሙም ክርስቲያኑም እሷ ደጅ ይመጣል፤ ምንጣፍ ላይ መቀመጥ የሚወድ ሰው እንኳ እንግዳ ሲበዛበት ወንበር ይከራያል። «በለጠችን ያሳደግኳት በሰው መቀመጫ ነው» ትልና ቀድማ የምትስቀው ራሷ ናት። በለጠች አንድ ልጇ ናት።

ወንበሮቹ በየሰርጉ ከሌላ ሰው ወንበር እየተቀላቀሉ ስላስቸገሯት ስሟን እንዲጽፍባቸው ለዳሂር ሰጠችው። ዳሂር የሱቅ ማስታወቂያ ጸሐፊ ነው፤ እጁ ያምራል፣ ሥራ ግን አይወድም። መደገፊያው ላይ «የኔ» ብሎ ጻፈና ቆመ።

«ነሽ የት ሄደች?» አለችው።

«አቦ፣ ቦታ የለም። ደሞ ያንቺ አይደሉም እንዴ? የኔ ብትይ ምን አጠፋሽ?»

አሰበችበትና ወደደችው።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባምና፣ ደርግ በመጣ በዓመቱ ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ሰፈሩም ሰፈር መሆኑ ቀርቶ ቀበሌ ነው ተባለ። ቀበሌ ደግሞ የራሱ ሊቀመንበር፣ የራሱ ፍርድ ሸንጎ፣ የራሱ ጥበቃ ያስፈልገዋል። መጋላ እስከዚያን ቀን በሽማግሌና በጩኸት ስትተዳደር የኖረች ናት፤ ይህ ሁሉ እንደጎደላት አታውቅም ነበር። ይህን ሊያደራጅ ከአዲስ አበባ የዘመተ ተማሪ መጣ። ወልደጻድቅ ይባላል፤ ካኪ የለበሰ፣ ጺሙ ገና ለመብቀል የሚታገል፣ ሙቀት ፊቱን ያቀላው ልጅ ነው። ክፉ ልጅ አልነበረም። ያነበበውን ሁሉ ማመኑ ብቻ ነው ጥፋቱ።

የመጀመሪያው ስብሰባ የሚደረገው ከአንድ ነጋዴ በተወረሰ ባዶ መጋዘን ውስጥ ነበርና ወልደጻድቅ የኔነሽ ደጅ መጣ።

«እማማ፣ ወንበሮቹን ለአንድ ቀን ለሕዝብ ያውሱ።»

ያውሱ መባሏ አስደነገጣት። «ሰርግ ነው ለቅሶ?» አለችው፤ ሌላ ስብሰባ አታውቅም።

ወልደጻድቅ ትንሽ አሰበና «ልደት ነው» አላት፤ «የሕዝብ አስተዳደር ልደት።»

«እንግዲያው እንኳን ማርያም ማረችህ። ግን ስማኝ፣ ጥር ላይ ልጄን እድራለሁ። የአንዷ እግር ቢሰበር ከአንተ ነው የምቀበለው።»

ይህን ያለችው ወዳ አልነበረም። የበለጠች አማቾች የከዚራ ሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ኩራተኞች፣ የሰው ጓዳ የሚቆጥሩ። ወንበር አከራይ የልጇን ሰርግ እንግዳ አቁማ ብትደግስ በለጠች ዕድሜዋን ሙሉ የሚነገርባትን ነገር የኔነሽ ከወዲሁ ትሰማው ነበር።

በስብሰባው ዕለት ሁሉም ተቀምጦ እሷ ከኋላ ቆመች። የመጣችው ወንበሮቿን ልትጠብቅ እንጂ ልትመርጥ አልነበረም። ወልደጻድቅ ስለ ጭቁኑ ሕዝብ ሥልጣን ረዘም አድርጎ ተናገረ፤ ከፊት ያለው ለኋለኛው በሶማሊኛ፣ የኋለኛው ለጎረቤቱ በኦሮምኛ ያቀብላል፤ አደሬውም በበኩሉ በራሱ ቋንቋ ለሚስቱ ያስረዳል። ንግግሩ መጋዘኑን አቋርጦ ግድግዳ እስኪነካ ድረስ ምን ሆኖ እንደሚደርስ የሚያውቅ አልነበረም። በመጨረሻ «አሁን ሊቀመንበር ትመርጣላችሁ» አለ።

ሻይ ሻጩ ሰማታር ለሶማሌዎቹ ያስተረጉማል። አማርኛውን ከገበያና ከጣቢያ ለቃቅሞ የተማረው ነው፤ ይህችኛዋ ቃል ግን ገበያ ወጥታ አታውቅም። ወደ ዳሂር ዞረ።

«ወሪያ፣ ሊቀ ምንድነው?»

«አለቃ።»

«መንበርስ?»

«ወንበር ነዋ።»

ሰማታር ተነሣ። «አቦ፣ ለዚህ ነው ከጠዋት ያስቀመጥከን? የወንበር አለቃ የኔነሽ አይደለችም እንዴ? ይኸው ቆማለች!»

ነገሩ በሦስት ቋንቋ ተላለፈ፤ በሦስቱም ትክክል መሰለ። እጅ እንደ ጉድ ወጣ። የኔነሽ በዚያች ሰዓት የምታየው ዋርፋ የሚባለውን ሽማግሌ ነበር፤ ወደኋላ ተንጋሎ ወንበሯን በሁለት እግሯ አቁሟታል። «ዋርፋ! እግሯን!» ብላ እጇን አነሣች። ወልደጻድቅ ሹመቱን መቀበሏ መሰለው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ሕዝብ አይሳሳትም» አለ። ሰዉ ሁሉ እየመጣ «ሹመት ያዳብር» አላት።

አመሻሽ ላይ ጋሪ ጠርታ ወንበሮቿን ልትጭን መጣች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ቀበሌው ያለ ወንበር በምን ይሠራል?» አላት ወልደጻድቅ።

«ወንበሮቹ የኔ ናቸው።»

«ሊቀመንበሯ እርስዎ ነዎት። ወንበሮቹ ቀበሌው ዘንድ ከሆኑ እርስዎ ዘንድ ናቸው ማለት አይደል?»

ጋሪውን ባዶውን መለሰችው። ለጥያቄው ይህን የማወራው እኔም ይህን ያህል ዓመት ቆይቼ መልስ አላገኘሁለትም። ይባስ ብሎ በማግሥቱ ልጁ የወንበሮቹን ጀርባ አነበበ። ሕዝብ «የኔ» ላይ ተቀምጦ ስለ «የኛ» ሊወያይ አይችልም አለና ዳሂርን አስጠርቶ ሁሉንም «የኛ» አድርግ አለው።

ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ኔን ኛ ለማድረግ ቆብ ብቻ መድፋት አይበቃም፤ ከሥሯ ያለችው ቀለበት ጠፍታ እግሯ መታጠፍ አለበት። ዳሂር ግን ሁሉንም ቆብ ደፋላቸውና ብሩሹን አጠበ። ወንበሮቹ «የኜ» ሆኑ። ቃሉ በየትኛውም ቋንቋ ትርጉም የለውም፤ ድሬዳዋን ደግሞ ቋንቋ አይቸግራትም።

ሰፈሩ ትርጉም ለመስጠት ጊዜ አልፈጀበትም። ቧንቧ ተሰብሮ የሚጠግነው ሲጠፋ «ተወው፣ የኜ ነው» ተባለ። የተወረሰ ቤት ጣራው ሲያፈስስ የኜ ነው። ባለቤቱ እንደ ድሮው እንዲጠግን አይፈቀድለትም፤ አዲሱ ባለቤት ደግሞ ሁሉም ሰው ስለሆነ ማንም አይመጣም።

የኔነሽ ግን፣ ማን ያምናል፣ ሥራውን ቻለችበት። ዕድሜዋን ሙሉ ያየችው ሰው ሲቀመጥ ነውና ማን አጠገብ ማን ቢቀመጥ እንደሚጣላ ታውቃለች። ጎረቤታሞቹ ፋርቱንና ቱሪያ በቆሻሻ ውኃ መውረጃ ሲካሰሱ ጎን ለጎን አስቀምጣ ወሬ አስጀመረቻቸውና ክሱን ረሱት። ወንበር ያንጋለለ የመናገር ተራው ያልፈዋል የሚል ደንብም አወጣች፤ ከዚያ በኋላ ስብሰባ ያጥር ጀመር። ይህን ሁሉ ስታደርግ ልቧ ጥር ላይ ነበር።

ሰርጉ ሲቃረብ ወንበሮቿን እንዲያውሷት የቀበሌውን ኮሚቴ ጠየቀች። ጸሐፊው በዛብህ ነበር፤ በንጉሡ ጊዜ ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ሲጽፍ የኖረ፣ ከደንብ ወዲያ ዘመድ የሌለው ሰው።

«ሊቀመንበር ለራሷ መፍቀድ አትችልም። በሥልጣን መባለግ ይሆናል።»

«እንግዲያው አንተ ፍቀድልኝ።»

«እኔ የምፈርመው ሊቀመንበር ሲፈቅድ ነው።»

እዚያ ሳቀች። ቤቷ ገብታ ግን አለቀሰች። ከሹመቱ ያገኘችው ይህ ብቻ ነው፤ የራሷን ወንበር ከማንም የበለጠ እሷ እንዳትነካው መደረግ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እሷ ግን ሳትሻር ነው የቆጫት።

እንዳይበቃት ደግሞ በሰርጉ ዕለት፣ እሑድ ጠዋት፣ ጠቅላላ ስብሰባ እንዲደረግ ከበላይ ትእዛዝ መጣ። የኔነሽ ቤቷን ድግስ ለሚያሰናዱት ሴቶች ትታ፣ የሰርግ ቀሚሷን እንደለበሰች መጋዘኑ ሄደች። ሰዉ ተቀምጧል። ወልደጻድቅ አጀንዳውን ሊያነብ ሲነሣ እጇን ዘረጋች።

«የስብሰባውን ቦታ የሚወስነው ማን ነው?»

በዛብህ ደንቡን ገለጠ። «ሊቀመንበር» አለ፤ ደንብ ከሆነ አይዋሽም።

«ዛሬ ስብሰባው እኔ ግቢ ነው። ሁሉም የተቀመጠበትን ይዞ ይነሣ።»

ሰማታር ሳቁን አፍኖ አስተረጎመ። መጋላ በዚያ ጠባብ መንገዷ ወንበር የተሸከመ ሕዝብ ሲያልፍባት ያየችው ያን ቀን ነው፤ ዋርፋም የራሱን አንግቶ፣ በዛብህም ደንቡን በብብቱ ይዞ። የከዚራ አማቾች ሲደርሱ ግቢው ተደላድሎ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። ለእስላሙ የታረደው ለብቻው ቀርቦ፣ ሁሉም በላ፣ ጠጣ። ወልደጻድቅ «ስብሰባው ተጀምሯል?» እያለ ሁለት ጊዜ ጠየቀ፣ ከዚያ እስክስታ ወረደ። በለጠች ቀና ብላ ወጣች።

ሲመሽ እንግዳው ወንበሩን እያጠፈ ግድግዳው ሥር ደርድሮ ሄደ። ሰኞ ጠዋት የኔነሽ ብትነሣ ወንበሮቿ በሙሉ ግቢዋ ውስጥ ናቸው። የመጣባት የለም። የተመለሱላት መሰላት፤ ሰፈሩም ያሰበው ያንኑ ነበር። አንድ በአንድ ጠረገቻቸው። ከስንት ወር በኋላ ደስ አላት፤ ደስታዋን ማንም አይቶ እንዳይነጥቃት በሩን ዘጋች።

ከዚያ ቀበሌውን ልትከፍት ሄደች። መታወቂያ የሚሰጥበት ቀን ነበር። ፋርሒያ የደረሰ ሆዷን ይዛ ግድግዳ ተደግፋለች፤ ዋርፋ ፀሐይ ላይ ድንጋይ ፈልጎ ተቀምጧል፤ በዛብህ መስኮት ላይ ቆሞ ይጽፋል። አንድ ሰው እንኳ ስለ ወንበር አላነሣባትም። ፋርሒያ እንዲያውም ፈገግ ብላ «ሰርጉ እንዴት አለፈ?» አለቻት። ያናደዳት ይህ ነው፤ ቢሰድቧት ኖሮ ወንበሮቹን ዕድሜዋን ሙሉ አትሰጥም ነበር።

ጋሪ ጠርታ ወንበሮቹን ወደ ቀበሌው ማስጫን ጀመረች። የመጨረሻዋ ወንበር ስትጫን ዞራ አላየችም።

ማታ ሰማታር ሊጠይቃት ቢመጣ ባዶ ግቢ ውስጥ ቆማ አገኛት። ተመልሶ ወጣና የሻይ ብርጭቆዎቹን የሚያስቀምጥበትን ሣጥን አምጥቶ ደፋላት። ተቀመጠች።

«አቦ የኔነሽ፣ እኔኮ ሊቀመንበር ማለት ወንበር ያለው ሰው መስሎኝ ነው የመረጥኩሽ» አላት።

«እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር» አለችው።