ወደ እንግሊዛዊው የሄዱት ሽማግሌዎች

እንግሊዝኛዬ ከእንግሊዞቹ አያንስም ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ። አፌን የፈታሁት በሀዲይኛ ነው፤ አማርኛውን ትምህርት ቤት፣ እንግሊዝኛውን ከሚሲዮን ሴቶች ተማርኩ። በጃንሆይ ዘመን ሆሳዕና ውስጥ ከረባት አስሮ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ትንሽ ጌታ ነበር። ጉረኛ ነበርኩ፤ ምን እደብቃለሁ?

አንድ ቀን የሚሲዮኑ ክሊኒክ መድኃኒት በጠቀለለልኝ ጋዜጣ ላይ ካርቱም ያለ አንድ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ አስተማሪ እንደሚፈልግ አነበብኩ። ጋዜጣው የቆየ ነበር፤ ቢሆንም ጻፍኩ። ከወራት በኋላ መልስ መጣ። ርእሰ መምህሩ እንግሊዛዊ ነው። እህቱ እኛው ክሊኒክ ነርስ ናት፤ ሊጠይቃት ሲመጣ ሊያየኝ ይፈልጋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ከዚያ ጭቃ ወጥቼ ውጭ አገር አስተማሪ መባል ነበር የምፈልገው፤ ሌላው ነገር ሁሉ ዓይኔ አይገባም ነበር።

ጥፋቴ ለአባቴ መንገሬ ነው። አባቴ ጊምቢቹ አጠገብ እንሰት ተክሎ የሚኖር ገበሬ፣ የጸሎት ቤታችንም ሽማግሌ ነበር። በዚያ አገር ለልጁ ሚስት የሚያጭ ሁሉ እሱን ሳይዝ አይሄድም። እሱ ተናግሮ እምቢ የተባለበት ቤት የለም ይሉ ነበር። እና ይህ ሰው የልጁን ሥራ እንዴት አሰበው? ሥራውም እንደ ሴት ልጅ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ከሩቅ አገር ድረስ መጥቷል፤ ሽማግሌ ሳይልኩ እንዲሁ ስጡኝ ማለት ነውር ነው።

የፈተናው ቀን ከእንግሊዛዊው ጋር የነርሷ ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጥን። አስነበበኝ፤ ድርሰት አስጻፈኝ፤ እየጠየቀ አስወራኝ። ነገሩ ሁሉ እየቀናኝ ነበር። ቀና ብል ሦስት ሽማግሌዎች ዱላቸውን ይዘው ከበረንዳው ሥር ቆመዋል። መሐል ያለው አባቴ ነው። በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ አቅፏል፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ በሀዲይኛ ጀመረ፦ "ጌታው፣ ልጃችንን ልንሰጥዎ ነው የመጣነው። አይሰክርም፣ አይሰርቅም። ቢያጠፋ እኛን ይጠይቁን። እንደ ልጅዎ ይያዙልን።"

እንግሊዛዊው ወደ እኔ ዞሮ ምን እንደሚሉ ጠየቀኝ።

"አሮጌ ልብስ ካለዎት ብለው ነው" አልኩት። "ቅቤ ይዘው መለመን ልማዳቸው ነው።"

"ታውቃቸዋለህ?"

"በመልክ" አልኩ።

ሰውየው ገብቶ ክርኑ የተበላ ሹራብ አወጣና ለአባቴ ሰጠው። አባቴ ቅቤውን በረንዳው ላይ አኑሮ ሹራቡን በሁለት እጁ ተቀበለ። ለእሱ ቃል ማሰር ነበር፤ ልጁን ተቀበሉለት ማለት ነው። ሦስቱም እጃቸውን ዘርግተው ሰውየውን፣ እህቱን፣ የሚመለስበትን መንገድ ሳይቀር መረቁ። "ለአንድ ሹራብ ይህን ያህል ምስጋና!" ብሎ እንግሊዛዊው ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ።

በማግስቱ ጠዋት አስጠራኝ። እንግሊዝኛዬ እንከን እንደሌለው ነገረኝ። "ነገር ግን" አለ፣ "የእኛ ወላጆች የሚፈልጉት ከእናቱ ጡት ጋር እንግሊዝኛ የጠባ ሰው ነው። ይህን ደብዳቤህ ሲደርሰኝም አውቅ ነበር።" ታዲያ ለምን ፈተኑኝ አልኩት። "እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ከዚህ አገር ወጣ ሲባል ገርሞኝ ላይህ ፈልጌ ነው" አለኝ። ሻይህን ጨርስ ብሎም ጋበዘኝ። ክፋት እንኳ አልነበረበትም፤ የተረፈው ጊዜ ነበረውና አየኝ፣ አለቀ።

ስወጣ አባቴና ሁለቱ ሽማግሌዎች ከግቢው በር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ዘመድ ቤት አድረው ነው የመጡት። አባቴ ፊቱ በርቶ ተነሣ።

"መቼ ትሄዳለህ?" አለኝ።

ንዴቴ የሚያርፍበት ሰው ይፈልግ ነበር። እንግሊዛዊውን አልደፍረውም። አባቴ ግን እዚያው ነበር፣ ከፊቴ።

"የትም አልሄድም" አልኩት። "ሊወስደኝ ወስኖ ነበር። እናንተን ባየ ጊዜ ተወው። ሽማግሌ እየላከ የሚለምን አስተማሪ አልፈልግም አለ። አንተ ነህ ያበላሸኸው፣ አባባ።"

በሽማግሌዎቹ ፊት ነው ይህን ያልኩት። እነሱም ቀስ ብለው ዓይናቸውን ወደ እሱ መለሱ። አባቴ ዱላውን አንሥቶ የጊምቢቹን መንገድ ያዘ፤ ሁለቱ ከኋላው ተከተሉት።

ከዚያ በኋላ ለማንም ሽማግሌ ሆኖ አልሄደም። የጎረቤት ልጅ ሚስት ሊያጭ መጥቶ እግሩ ላይ ቢወድቅ እንኳ "እኔ የገባሁበት ነገር ይበላሻል፤ የራሴን ልጅ እንጀራ ያስደፋሁ ሰው ነኝ" ብሎ መለሰው። ይህን እናቴ እያለቀሰች ነገረችኝ። እውነቱን መንገር የአንድ አፍታ ሥራ ነበር። አልነገርኩም። ሰው ሁሉ ጥፋቱን በእሱ ሲያደርግ ደስ ይለኝ ነበር፤ አዎ፣ ደስ ይለኝ ነበር። እኔንማ አልችል ብሎ ቀረ የሚለኝ አልነበረም።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ታመመ፤ አስጠራኝ። ስደርስ ከተኛበት ሊነሣ ሞከረ፤ አቅም አነሰው። እጄን ያዘ።

"ልጄ፣ በድዬሃለሁ" አለኝ። "የነጭ ወግ አላውቅም ነበር። ይህን ይዤ ጌታ ፊት እንዳልቀርብ ይቅር በለኝ።"

ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ሁሉም የእኔን አፍ ይጠብቃል።

"ይቅር ብዬሃለሁ፣ አባባ" አልኩት።