የሻከረ ድምፅ የለመደ ጆሮ

እኛ ሆስፒታል ውስጥ «ዶክተር ጉሮሮ» ካላችሁ የማያውቀው የለም። ቅጽል ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ፊት ለፊት ግን ጠርቼው አላውቅም፣ ማን ነፍሱን ይጠላል! የአንገትና የጉሮሮ ካንሰር ቀዶ ሐኪም ነው፤ ተመራማሪም ነው። እኔ ደግሞ ከወጣትነቱ ጀምሮ ቀዶ ክፍል ውስጥ መቀስና መቆንጠጫ የማቀብለው ነርስ ነኝ። እሱ ሸበተ፣ እኔ ወፈርኩ፣ አንድ ላይ አረጀን። ከባሌ ሳል ይልቅ የሱን ሳል አውቀዋለሁ ብል ማጋነን አይደለም።

አንድ የማልወድለት ነገር ነበረው። በሽተኛ ዘግይቶ ሲመጣ ቤተሰቡ ላይ ይጮሃል። «እስካሁን የት ነበራችሁ?» ይላል። «ድምፁ ከተዘጋ ስንት ጊዜው! አብራችሁ እየበላችሁ፣ አብራችሁ እየተኛችሁ ጆሮ የላችሁም?» ሚስት ታለቅሳለች፣ ልጅ አንገቱን ይደፋል። እኔ በኋላ ኮሪደሩ ላይ እይዛቸውና «ተዉት፣ አፉ ነው እንጂ ሆዱ ውስጥ ምንም የለም» እላቸዋለሁ። እውነቴን ነበር። የሚቆጣው ስለሚያመው ነው።

የሚያመውም ያለ ምክንያት አይደለም። ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለ አንድ የአውቶቡስ ረዳት መጣ። ቀኑን ሙሉ የፌርማታ ስም ሲጣራ የሚውል፣ ቀልዱ የማያልቅ ሰው ነበር። ማንቁርቱ ላይ ካንሰር ተገኘበትና እንደ ጊዜው አሠራር ማንቁርቱ በሙሉ ወጣ። ድምፅ የሚፈጠረው እዚያ ነው፤ እሱ ከሄደ ሰው አንገቱ ላይ ባለ ቀዳዳ ይተነፍሳል እንጂ አይናገርም። ረዳቱ ዳነ። ለክትትል ሲመጣ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጥና ውጭ የሚያልፉትን አውቶቡሶች ያያል። አፉን ይከፍታል፣ መልሶ ይዘጋል። አንድ ቀን መምጣቱን ተወ። ሚስቱ መጥታ «ከቤት አልወጣም አለ፣ ምግብም እምቢ አለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ ሞተ» አለችን። ካንሰሩ አልተመለሰበትም። እኛ ዘንድ «የዳነ» ተብሎ ተመዝግቦ ነበር።

ዶክተር ያን ቀን ምሳውን አልበላም። «ሲስተር፣ ይሄ ምኑ ነው መዳን?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ዕድሜውን ለአንድ ነገር ሰጠ፤ ማንቁርቱን በሙሉ ከማውጣት የታመመውን ጎን ብቻ ቆርጦ ለሰውየው ድምፁን ማስቀረት። ሳቁበት። አንድ ትልቅ ሐኪም ጉባኤ ላይ ተነስቶ «በሽተኛው ይኑር ነው ወይስ ይዝፈን?» ብሎ አዳራሹን አሳቀበት። ሚስቱም «አንተ ያገባኸው ጉሮሮ ነው» ብላ ጥላው ሄደች። ሰውየው ግን ድርቅ ያለ ነው፤ ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ዘዴው ሠራ። የሚሠራው ግን በጊዜ ለመጣ ሰው ብቻ ነው። ካንሰሩ ወደ ወዲያኛው ጎን ከተሻገረ አበቃ፣ ሙሉው ይወጣል። ያ ሁሉ ጩኸቱ ለዚህ ነበር።

ለምርምሩ ሲል የእያንዳንዱን በሽተኛ ድምፅ ይቀዳል። ከቀዶ ጥገናው በፊት አንዴ፣ በኋላ አንዴ፣ ከአንድ እስከ ዐሥር እያስቆጠረ። ግማሽ ማንቁርት የሚያወጣው ድምፅ ሻካራ ነው፤ ሲሚንቶ ላይ የሚጎተት ወንበር በሉት። ለሱ ግን ሙዚቃ ነበር! ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ይለጥፍና ፊቱ ጥርስ በጥርስ ሆኖ «ስሚ እንጂ! ይናገራል እኮ!» ይለኛል። እንዲህ እንዲህ እያለ ጆሮው ለመደ። የሻከረ ድምፅ ሲሰማ ሰውነቱ ዘና ይላል። በቃ፣ ለሱ የሻከረ ማለት የዳነ ማለት ሆነ። የኔም ጆሮ ከሱ ጆሮ አይሻልም፤ አንድ ክፍል ውስጥ ነው ያረጀነው።

እናቱ ልጅ ሆኖ ስለሞተችበት ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። እትዬ ነው የሚላት። ሌላ ከተማ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች፤ ስትናገር መስኮት ይንቀጠቀጣል። አመሻሹ ላይ ሥራ ጨርሰን እጃችንን ስንታጠብ ትደውላለች። የሱ እጅ ሳሙና ስለሆነ ስልኩን በድምፅ ማጉያ የምከፍትለት እኔ ነኝ።

«አንተ ልጅ፣ በላህ?»

ፕሮፌሰር! ሽበታም! «በልቻለሁ እትዬ» ይላል፣ ውሃ እንኳን ሳይቀምስ የዋለው ሰውዬ።

«ውሸታም!» ትላለች። ክፍሉ በሳቅ ያውካካል።

ድምጿ መሻከር ሲጀምር የነገረችውም እሷው ናት። «ምነው እንዲህ ድምፄን ዘጋኝ?» አለችው።

«ልጆች ላይ ስትጮሂ እየዋልሽ ምን ሊሆን ነበር? ሻይ በማር ጠጪ።»

ጠጣች። ባሰባት እንጂ አልተሻላትም። እሱ በየማታው ጣቶቹን እያሸ፣ ፈገግ እንዳለ ያዳምጣታል። ጆሮውን ምንም አልጎረበጠውም። እናንተዬ፣ ይህን ሳስብ ዛሬም ራሴን ከግድግዳ ጋር ማላተም ያምረኛል! አናጢ እንዲህ አይሳሳትም፣ ሾፌር አይሳሳትም፤ መንገደኛ እንኳን ቢሰማት «ተመርመሪ» ይላታል። እንዲህ ያለ ስህተት ከኛ ሌላ ማንም አይሳሳትም።

በመጨረሻ ምግብ ሲያንቃት ጊዜ ተነስታ መጣች። ለወንድሟ ትንፍሽ አላለችም። «ሥራ ይበዛበታል፣ በጉንፋን አላስቸግረውም» ብላ እንደ ማንም ሰው ተራ ያዘች። ያየቻት የሱ ተማሪ የሆነች ወጣት ሐኪም ናት፤ በሽተኛዋ የመምህሯ እህት መሆኗን አታውቅም። ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዋ አስገብታ አየችና ደንግጣ ዶክተርን አስጠራችው። እኔም ተከትዬው ገባሁ። ዶክተር አንድ ልማድ አለው፤ ከሰውየው በፊት ምስሉን ያያል። «ፊት ያታልላል» ይላል። በሽተኛዋ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋ ላይ ነበረች። እሱ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ።

«ተሻግሯል» አለ። «ለኛ ጥናት አይሆንም፣ ሙሉው ነው የሚወጣው። ይሄ እኮ ሲያድግ የከረመ ነው!» ንዴቱ ተነሳ። «እነዚህ ሰዎች እስካሁን የት ነበሩ? ቤተሰብ የላትም? አንድ ጆሮ ያለው ዘመድ ይጥፋ?»

ከመጋረጃው ወዲያ ያ የማውቀው ሻካራ ድምፅ መለሰ።

«አንተ ልጅ፣ ማታ ማታ ካንተ ጋር ስልክ ላይ ነበርኩ እኮ።»

ለቀልድ ነው ያለችው። ምን እንደተፈረደባት ገና አልገባትም፤ ልታስቀው ነው። እሱ ክው ብሎ ቀረ። መጋረጃውን የገለጥኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ምስሉን ይዞ ሲዞር ሰነበተ። ያገኘውን ሐኪም ሁሉ ያሳያል። አንድ ቀን እኔንም ዕቃ ማጠቢያው ጋ አቁሞኝ «ትንሽ ነው የተሻገረው፣ አይደል? ግማሹን ብናስቀርላትስ?» አለኝ። ልመና ነበር።

«የሌላ ሰው እህት ብትሆን እንዲህ ይላሉ?» ብዬ ጮህኩበት። ጮኼበት አላውቅም ነበር። ሄዶ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠና እውነቱን ነገራት።

«ከሁለቱ የሚያኖረኝ የቱ ነው?» አለችው።

«ሙሉው።»

«ታዲያ ምን ያለቃቅስሃል? አውጡት።» ደግሞ «ልጆቼን ግን ማን ቁጥር ያስቆጥርልኛል?» አለች።

ድምጿን ቀዳው፤ ከአንድ እስከ ዐሥር። ቀዶ ጥገናውን የሥራ ባልደረባው ሠራው። እሱ ስንት ቤተሰብ ላይ የጮኸበት አግዳሚ ወንበር ላይ ኩርምት ብሎ ዋለ።

ከቤቷ ሆና መደወሏን አልተወችም። ስልኩን እከፍታለሁ፤ ትንፋሽ ብቻ። ከዚያ በጥፍሯ ስልኩን ትመታዋለች፤ ኳ፣ ኳ። «በልቻለሁ እትዬ» ይላል። ኳ፣ ኳ፣ ኳ፤ ውሸታም ማለቷ ነው። የሚስቅ አልነበረም። ዓመት ሳይሞላት ካንሰሩ ሳንባዋ ላይ ወጣ። አንድ ማታ ስልኩ ሳይጮህ ቀረ። ዶክተር ቧንቧውን ሳይዘጋ እዚያው ቆሞ ጠበቀ፤ እኔ ነኝ የዘጋሁለት።

ምርምሩ አልቆ ታተመ። ዛሬ በየጉባኤው ይጨበጨብለታል አሉ፤ እሱ አይሄድም። ባለፈው ሳምንት ከምሳ በኋላ ወደ ክፍሉ ጠራኝ። «ተቀመጪ ሲስተር፣ እስቲ እነዚህን ስሚልኝ» አለና የተቀዱ ድምፆችን አከታትሎ ከፈተልኝ። አንዱ ቆጠረ፣ ሌላዋ ቆጠረች፣ ሁሉም ሻካራ። ከመሀል ግን አንዷ ከየቁጥሩ በኋላ ቆም ትላለች፤ ሕፃናት ተከትለው እንዲሉ እንደምትጠብቅ። «አንድ።» ዝም። «ሁለት።» ዝም። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

«እትዬ ናት» አልኩት።

«እሷ ናት ወይ አላልኩሽም። የሌሎቹ ከዳኑ በኋላ የተቀዳ ነው። የሷ የካንሰር ድምፅ ነው። ልዩነቱ ይሰማሻል?»

እንደገና አዳመጥኩ። ልዋሸው ፈለግኩ፤ ግን የትኛው ውሸት እንደሚያጽናናው ጠፋኝ።

«አይሰማኝም ዶክተር።»

«እኔም አይሰማኝም» አለ።

በሩ ተንኳኳ። ተራው የደረሰ አንድ ጎልማሳ ከነሚስቱ ገባና «ድምፄን ዘግቶኝ ነው» አለ። ሚስቱ «እስካሁን ጉንፋን መስሎን ነው» ብላ ዓይኗን ሰበረች። ዶክተር አልጮኸባትም። ወደ እኔ ዞሮ በቀስታ «ለሌላ ሐኪም አሳልፊያቸው» አለኝ።