የከሸፈው ቤልጅግ

አቶ ወልደሥላሴ ጠመንጃ መጠገን የተማሩት በክቡር ዘበኛ ነው። ገና በወጣትነታቸው እጃቸው ለብረት የተፈጠረ ነው ተባለና ጥገና ክፍል ተመደቡ፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜያቸውን ከዘይትና ከሞረድ ጋር ፈጁ። ንጉሡ ወርደው ክቡር ዘበኛ ሲፈርስ ብዙ ጓደኞቻቸው ታሰሩ። እሳቸውን ግን ደርግ አልነካቸውም። ጠመንጃ የሚጠግን ሰው ለየትኛውም መንግሥት ያስፈልጋል።

በ1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቤት ለቤት ስትፈተሽ፣ ከየጓዳው የተለቀመው አሮጌ መሣሪያ በካሚዮን እየተጫነ እሳቸው የሚሠሩበት ግቢ ተራገፈ። አብዛኛው ቤልጅግ ነበር፤ ሰው ከአባቱ የወረሰው፣ ሰደፉ ላይ ስም የተቀረጸበት። ትእዛዙም አጭር ነበር፤ ተጠግኖ ለቀበሌ አብዮት ጥበቃዎች ይታደል። ለምን እንደሚታደል አቶ ወልደሥላሴ አልጠፋቸውም። ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ መንገድ ዳር የተጣለ ሬሳ ያያሉ። እምቢ ቢሉ ቀጣዩ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ የቻሉትን ያህል አደረጉ። ተቆጣጣሪው ዞር ሲልላቸው፣ የጥይቱን ቂጥ የምትመታዋን መርፌ ጫፏን በሞረድ ላጥ ያደርጓታል። መሣሪያው ሲያዩት ደህና ነው፤ ይቀባበላል፣ ቃታውም ይሳባል፤ ግን ቀጭ ብሎ ይቀራል። ይህን ያደረጉት በጥቂቶቹ ላይ ነው። የቀሩትን አሳምረው ጠግነው አስረከቡ።

ዓመት ሳይሞላ አንድያ ልጃቸውን ሀብተሥላሴን ቀበሌ ወሰደው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። እናቱ ወይዘሮ ዘነበወርቅ ስንቅ ሲያመላልሱ ከርመው፣ አንድ ቀን በር ላይ ያለው ጠባቂ፣ "ሌላ ቦታ ተዛውሯል፤ ከእንግዲህ አይምጡ" አላቸው። የት እንደሆነ የሚነግር ጠፋ። ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ ሊያለቅስ ቢመጣ ከደጃፉ መለሱት።

"ሬሳ አላየሁም፤ ሞቷል ያለኝም የለም። በቁሙ አላለቅስበትም!"

ሱዳን የገቡ ወጣቶች አሉ ሲባል ባልና ሚስት ቤታቸውን ዘግተው በመተማ ወጡ። ካርቱም ላይ ያገኙትን ስደተኛ ሁሉ ጠየቁ። አየሁት ያለ አልነበረም። በመጨረሻ ስዊዘርላንድ ተቀበለቻቸውና ዙሪክ ዳር፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ኦፕፊኮን ገቡ።

አቶ ወልደሥላሴ እዚያ ሆቴል ድስት አጣቢ ሆኑ፤ ወይዘሮ ዘነበወርቅ የዚያው ሆቴል አንሶላ ተኳሽ። ወገባቸው ሲከዳቸው ነው አቶ ወልደሥላሴ ሽቱኪ የሚባል የአሮጌ ጠመንጃ ነጋዴ ዘንድ የሄዱት። ሽቱኪ እንደ በርሜል የተድበለበለ፣ ሳቂታ ሽማግሌ ነው። ያን ጊዜ አሮጌ የጦር ጠመንጃ የሚሰበስቡ ሰዎች በዝተው ነበር፤ ሐኪሙም ጠበቃውም አያቶቹ የተዋጉበትን ዓይነት መሣሪያ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ሆኖ ማየት ይፈልጋል። ሽቱኪ ዝገት የበላውን ከየአገሩ እየገዛ፣ እንጨቱን አስለውጦ፣ ብረቱን አስጠቁሮ ለእነሱ ይሸጣል።

"ይህን ሥራ ተው" አሉ ወይዘሮ ዘነበወርቅ።

"ብረት ነው፣ ዘነቡ። እዚህ አገር ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀለው።"

ሴትዮዋ ከዚያን ቀን ጀምሮ የባላቸውን የሥራ ልብስ ከራሳቸው ልብስ ጋር አላጠቡም።

በ1978 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ሽቱኪ አቶ ወልደሥላሴን ይዟቸው ጄኔቭ ወረደ። ግራንድ ሳኮኔ ባለው ትልቅ የትርዒት አዳራሽ የሰብሳቢዎች ገበያ ነበር። ሽቱኪ ከዕቃዎቹ ሁሉ የሚኮራበት አንድ ቤልጅግ ነው፤ አናቱ ላይ ዘውድ የጫነ አንበሳ ተቀርጾበታል። ያደሱት አቶ ወልደሥላሴ ናቸው። አንድ ገዢ የንጉሡ ዘበኛ እንደነበሩ ሲሰማ መሣሪያውን አስይዞ ፎቶ ሊያነሳቸው ፈለገ። ደስ አላላቸውም፤ ግን ሽቱኪን ላለማሳፈር ደረታቸው ላይ አስደግፈው ቆሙ።

"ጋሼ ወልደሥላሴ?"

ዞር ሲሉ ከረባት ያሰረ ቀጭን ሰው አዩ። ፊቱን ያውቁታል፤ ግን ካወቁት በላይ አርጅቷል። የሀብተሥላሴ የትምህርት ቤት ጓደኛ ንዋይ ነው። እዚያው ሰፈር ካሉት ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ተርጓሚ ሆኖ ይሠራል፤ በምሳ ሰዓቱ ነው አዳራሹን ሊያይ የገባው። አቶ ወልደሥላሴ ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርገው አቀፉት።

"ልጄስ? ሰማህ ወይ? ሱዳን አልገባም?"

ንዋይ ክንዳቸውን ይዞ ከሰው ራቅ ወዳለ አግዳሚ ወሰዳቸው።

"አብረን ነው የታሰርነው፣ ጋሼ። አንድ ላይ ነው ያወጡን። ሊነጋጋ ሲል ቀበና ወንዝ ዳር አሰለፉን። መጀመሪያ የታለመበት ሀብተሥላሴ ነበር። ጥበቃው ቃታውን ሳበ፤ ከሸፈ። እንደገና አቀባብሎ ሳበ፤ ከሸፈ። ጓደኞቹ ሳቁበት። ሲስቁ ሀብተሥላሴ ወደ ወንዙ ሮጠ። ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። እኔ በዚያ መሐል በቁጥቋጦው ተንከባለልኩ።"

"እሱስ?"

"ውኃው ጋ ሊደርስ ሲል ሌላኛው ተኮሰ። አንድ ጥይት ነው። ወድቆ አልተነሳም። አይቻለሁ።"

አቶ ወልደሥላሴ እጃቸው ላይ የቀረውን ዘይት በሱሪያቸው ይጠርጉ ጀመር።

"የያዙት ምን ነበር? መሣሪያው?"

"ምን ያደርግልዎታል፣ ጋሼ?"

"ንገረኝ።"

"ሁለቱም ቤልጅግ ነበሩ።"

ሽቱኪ ከጠረጴዛው እጁን እያወዛወዘ ጠራቸው፤ ገዢው ሊዋዋል ነው። አልሄዱም። ኮታቸውን እንኳ ሳያነሱ ወጡ፤ ንዋይ እስከ ባቡር ጣቢያ ሸኛቸው። የጄኔቭ ሐይቅ በባቡሩ መስኮት ሲያልፍ፣ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያስቡት፤ ይህን ለሚስታቸው ከየት ጀምረው እንደሚነግሩ። ባይነግሩስ? ሴትዮዋ እስከ ዛሬ የኖሩት በዚያች ተስፋ ነው።

አመሻሽ ላይ ሲገቡ ወይዘሮ ዘነበወርቅ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። የባላቸውን ፊት አይተው ቢላዋውን አስቀመጡ። አቶ ወልደሥላሴ ሁሉንም ነገሯቸው፤ ወንዙን፣ ሩጫውን፣ ጥይቱን። ከዚያም ለማንም ነግረው የማያውቁትን፣ የመርፌዋንና የሞረዱን ነገር ነገሩ። ወይዘሮ ዘነበወርቅ አልጮኹም። ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

"ሁሉንም ለምን አልሞረድካቸውም?"

"ይገድሉኝ ነበር፣ ዘነቡ።"

"አዎ" አሉ፤ "ይገድሉህ ነበር።" ከዚያ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ ለዓመታት ያቆዩትን ለቅሶ ጀመሩ። በማግስቱ ዙሪክ ያሉ ጥቂት ሐበሾች ሰምተው መጡ፤ በጠባቧ ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።

ወይዘሮ ዘነበወርቅ ለመነጋገር የተቸገሩት ከንዋይ ጋር ነበር። ለፍትሐት ካህን ሲገኝ እሱም ከጄኔቭ መጣ። ወይዘሮ ዘነበወርቅ በሩ ላይ አቆሙት።

"ይህን ሁሉ ዘመን ምነው ዝም አልክ?"

"ምን ልበል፣ እትዬ? እሱ ሲሮጥ እኔ ተረፍኩ ልበል?"

ሴትዮዋ መንገድ ለቀቁለት፤ ቀና ብለው ግን አላዩትም። እስኪያዩት ብዙ ጊዜ ወሰደ።

አቶ ወልደሥላሴ ወደ ጥገናው አልተመለሱም። ሽቱኪ ቤታቸው ድረስ መጥቶ፣ "ምን በደልኩህ?" አላቸው። በሚያውቋት ጥቂት ጀርመንኛ የሚያስረዱት ነገር አልነበረም፤ እጁን ጨብጠው ሸኙት። ሆቴሉ ወደ ድስት ማጠቢያው መለሳቸው። ሚስታቸው ያን የሞረዱን ጥያቄ ደግመው አልጠየቁም፤ እሳቸው ግን አንዳንድ ቀን ምሳ እየበሉ ሳሉ፣ ሰው ያናገራቸው ይመስል፣ "ቢያንስ ግማሹን እችል ነበር" ይላሉ።

በ1982 ዓ.ም. ክረምት አቶ ወልደሥላሴ ልባቸው ቆመና አረፉ። ዘመድ የሚባል በአገሩ አልነበረም። ሳጥኑን ከፊት ሆኖ የተሸከመው፣ አፈር ሲመለስም ከጉድጓዱ አፋፍ ያልተንቀሳቀሰው ንዋይ ነው። ወይዘሮ ዘነበወርቅ ዝናብ እየመታቸው ከጎኑ ቆመው ነበር። ሁሉም ሲበተን በክንዱ ተደግፈው፣ ቀስ እያሉ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ወረዱ።