ጎድን ጎድን የሚለው ኮት

የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ስሙ ቀርቶ «እንጉርጉሮ» ነበር የሚባለው። የስፌት መኪናውን በረገጠ ቁጥር ድምፁ አብሮ ይነሳል፤ ሱሪ ሲያሳጥር ስለ መለየት፣ ኮሌታ ሲገለብጥ ስለ መገናኘት ያዜማል። ቁልፍ ሲተክል እንኳ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አንዲት ልጁን ያሳደጋት በዚሁ መኪናና በዚሁ ዜማ ነው።

ልጁ ነገ ልታገባ ነው። የሙሽራውን ጥቁር ሱፍ ኮት ራሱ ሰፍቶ፣ ራሱ ተኩሶ፣ ከምድጃው ማዶ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል፤ ሱቁም መኝታውም ወጥ ቤቱም ያችው አንዲት ክፍል ናትና። ዛሬ ደግሞ የሙሽራው እናት ለምሳ ትመጣለች።

ሴትየዋ የላውንደሪ ቤት ባለቤት ናት። እድፍ እሷን ሲያይ በገዛ ፈቃዱ የሚለቅ ይመስላል። ባለፈው ስትመጣ ቤቱን ከዳር እስከ ዳር በዓይኗ አጥባ፣ ጨምቃ፣ አስጥታ፣ «ወንድ ብቻውን ያሳደጋት ልጅ… እንግዲህ ይሁና!» ብላ ሄዳለች። ያቺ ቃል በእንጉርጉሮ ልብ ውስጥ እንደ ተሰበረ መርፌ ቀርታለች። ልጁ እዚያ ቤት አንገቷን ደፍታ እንድትገባ አይፈልግም። ስለዚህ ሴትየዋ አንድ ጊዜ ሆቴል በልታ ጣዕሙ ከአፏ ያልጠፋውን፣ በጭስ የበሰለ ጎድን ሊያበላት ቆረጠ።

ግቢ የለው፣ ከሰል የለው፤ ያለው የጋዝ ምድጃ ነው። በከባዱ ብረት ድስት ሥር ፎይል አነጠፈ፤ ከጎረቤቱ አናጢ ያመጣውን የእንጨት ፍቅፋቂ በተነ፤ ከላዩ የሽቦ መደርደሪያ አስቀምጦ በቅመም ያሸውን ጎድን ደረደረና ክዳኑን ገጠመ። እሳቱን አሳንሶም አንጎራጎረ፦

ቀስ በይ እሳቴ፣ ቀስ በይ አትንደጂ፣
እንግዳ አለብኝና አብስዪልኝ እንጂ።

ጭስ ግን ዘፈን አይገባውም። በክዳኑ ጠርዝ እየሾለከ የበሩን ስንጥቅ ፈለገ። እንጉርጉሮ ደነገጠ። ጎረቤት «እሳት!» ብሎ ቢጮህ፣ ሴትየዋ የምትደርሰው ባልዲ በተሸከመ ሰው መሃል ነው። ያን ጊዜ የሚያውቀውን ሥራ ሠራ፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ ጥጥ ሞልቶ፣ እንደ አንጀት አስረዝሞ ሰፋና በሩንም መስኮቱንም ደፈነ። በዕድሜው እንዲህ ልክ የያዘ ስፌት ሰፍቶ አያውቅም። አንዲት ዘለላ ጭስ ወደ ውጭ አላመለጠችም።

ልጁ ከፀጉር ቤት ተመልሳ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ከፈተችው።

«አባዬ! የት ነህ?»

«እዚሁ ነኝ፤ ድምፄን ተከተዪ!»

«ኮቱስ?»

እንጉርጉሮ በዳበሳ ወደ ግድግዳው ሮጠ። መስኮቱን በርግደው በፎጣ ሲያራግቡ ቆዩ። ከዚያ ልጅቱ ኮቱን አሸተተችው።

«አባዬ፣ ጎድን ጎድን ይላል።»

«በጣም ነው?»

«እርቦኛል።»

ሴትየዋ እዚህ ላይ ደረሰች። ጭሱን በእጇ እየገፋች ተቀመጠች፤ አንዱን ጎድን ቀመሰች፤ ሁለተኛውን ጋጠች፤ ሦስተኛውን ማንም ሳይጋብዛት አነሳች።

«ጋሼ፣ እውነት ለመናገር ጣት ያስቆረጥማል።»

እንጉርጉሮ ፊቱ ሊፈካ ሲል የሴትየዋ አፍንጫ ወደ ግድግዳው ዞረ። ተነስታ ፊቷን ኮሌታው ውስጥ ቀበረች።

«ጉድ በሉ! ልጄ ይሄን ለብሶ ነው የሚያገባው?»

«እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። በሷ አይፍረዱባት፤ ልጄን…»

«ልጅቷን ምን አመጣት? ኮቱን ያምጡ! እኔን የሚያሸንፍ ሽታ ገና አልተወለደም!»

ተወልዶ ነበር። ኮቱ በእንፋሎት ታጠነ፣ በኮምጣጤ ታሸ፣ ጣሪያ ላይ ንፋስ ሲመታው አደረ። ጠዋት ሳሙና የተቀባ ጎድን ሆኖ ተመለሰ።

በሠርጉ አዳራሽ ሙሽራው ባለፈበት ሁሉ ሰው ምራቁን ይውጣል። ሙሽሪት ከትከሻው ቀና አልል አለች፤ እንግዶቹ ፍቅር መሰላቸው። እንጉርጉሮ ከምሰሶ ጀርባ ተሸጉጦ «አሁን ይስቁባታል፣ አሁን ይስቁባታል» እያለ ይቃትታል። በመጨረሻ አንዲት ሽክ ያለች እንግዳ የሙሽራውን እናት ጠጋ አለቻት።

«ምንድነው ደግሞ ልጅሽ የተቀባው?»

እንጉርጉሮ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሽቶ ነዋ!» አለች ሴትየዋ፣ ደረቷን ነፍታ።

«እንዴት ሆድ ያባባል! የት ይገኛል?»

«አይገኝም» አለችና፣ ከምሰሶው ጀርባ ብቅ ያለውን እንጉርጉሮን በዓይኗ ጠቀሰችው፤ «የቤተሰብ ነው።»