የጋሽ ጥበቡ ባለማዕዘን ፊደላት

ቴፒ ውስጥ የጋሽ ጥበቡን ፊደል የማያውቅ አልነበረም። ወፍራም፣ ክብ የሚባል ነገር ያልነካው፣ በመጋዝ የተቆረጠ ሳንቃ የሚመስል ፊደል ነው። የ«መ» ሁለት ዓይኖች እንኳ እሳቸው ዘንድ አራት ማዕዘን ናቸው። ነገሩ የመጣው ከቆርቆሮ ነው። የሱቁ ሁሉ ግድግዳ ሸንተረራም ቆርቆሮ በነበረበት ዘመን ክብ ሲጽፉበት ይጣመማል፤ ቀጥ ያለ መስመር ግን ይታዘዛል። ደግሞ በዚያ ዝናብና ጉም የቡና መኪና ሾፌር ከሩቅ የሚያነበው እንዲህ ያለውን ነው። ወፍጮ ቤቱ፣ ፋርማሲው፣ የእድሩ ድንኳን ሳይቀር በእሳቸው እጅ ተጻፈ።

እሳቸው የወደዱት ግን መጻፉን ብቻ አልነበረም። መሰላል ላይ ሲወጡ ከታች ሰው ይሰበሰባል፤ አንዱ «ወደ ግራ አዘነበለ!» ይላል፣ ሌላው ሻይ ያመጣል፣ ወሬው ይደራል። ሚስታቸው ሰርካዲስ ካረፈች ወዲህ ከሰው የሚያገናኛቸው ያ መሰላል ነበር። ኋላ በማሽን የሚታተም ባነር መጣ። ሰዉ ሚዛን ተፈሪ ስልክ ይደውላል፣ ተጠቅልሎ ይመጣለታል። ምን ይደረግ፣ ጋሽ ጥበቡም ቤታቸው ተቀመጡ።

አንድ የገበያ ቀን ታዲያ፣ ባነር ልታደርስ ከሚዛን የመጣች ህሊና የምትባል የማተሚያ ቤት ሠራተኛ በራቸውን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ የፋርማሲውን ጽሑፍ አይቼ ነው። ፊደሉን ሁሉ አንድ ጊዜ ቢጽፉልኝ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባዋለሁ። ለሆቴል ስም፣ ለቲሸርት፣ ለቡና ከረጢት ይሆናል።»

ቢፈልጉ በጥቂት ቀን ይጨርሱት ነበር። ግን ያ «አንድ ጊዜ» ያለችው ከጆሯቸው አልወጣም።

«ይኼ የጥድፊያ ሥራ አይደለም፣ ልጄ» አሉ። «ዛሬ ‹ሀ›ን ከነቤተሰቧ ውሰጂ። ‹ለ›ን በሌላው ገበያ ትመጪና እሰጥሻለሁ።»

መጣች። ለ«ሐ»ም መጣች፣ ለ«መ»ም። ቁራጭ ቆርቆሮ ላይ የጻፉትን በስልኳ እያነሳች፣ ጌጫ ከተማ ስለሚኖሩት እናቷ፣ ስለ መንገዱ ጭቃ ታወራላቸዋለች። ጎረቤታቸው ባለሱቋ ከድጁ ነገሩ ገብቷት ኖሮ በአጥር ብቅ ትልና፣

«ጋሽ ጥበቡ፣ በዚህ አያያዝዎ እኮ ልጅቷ ‹ፐ› ጋ ሳትደርስ ታረጃለች!» ትላለች።

«አንቺ ስኳርሽን መዝኚ!» ይሏታል፣ ሳቃቸውን እየዋጡ።

«በ» ላይ ደርሰው፣ በሚቀጥለው ገበያ «ተ»ን ሊጽፉ ቆርቆሮውን አስምረው ሲጠብቁ ህሊና ቀረች። ከሰዓት ከድጁ ስልኳን ይዛ መጣች። ደዋይዋ ህሊና ናት።

«ጋሼ፣ ደስ የሚል ነገር ልንገርዎ! ከሰጡኝ ፊደላት ላይ እግሩንም ክንዱንም እየወሰድኩ የቀረውን ራሴ ሠራሁት። ዓይንዎን ላሳርፍ ብዬ ነው። ፎቶውን በከድጁ ስልክ ልኬዋለሁ፤ የሚስተካከል ካለ ግን እመጣለሁ።»

ከድጁ ፎቶውን ከፍታ አቀረበችላቸው። አንድ በአንድ አዩት። የራሳቸው እጅ የጻፈው ይመስል ነበር።

«ጠማማ ነው ይበሏት» ብላ አንሾካሾከች ከድጁ። «ይበሏት እንጂ!»

ጋሽ ጥበቡ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«ጋሼ? ይሰማል?»

«ይሰማል፣ ልጄ። የሚስተካከል የለውም። ልክ ነው።»

ከድጁ ያን ቀን አልቀለደችም፤ ስልኳን ተቀብላ ወጣች። ቀለሙ ተበጥብጦ ነበርና፣ እንዳይደርቅ ብለው «ተ»ን ብቻቸውን ጻፏት።